አንቱ የተባለ ተጫዋች

ኳስ መቼ እንዳቆምኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ ጉልበቴ የተመታበትን ጨዋታ ነው የምነግራቸው። ለመናገርም ይቀላል፤ ሰውም መስማት የሚፈልገው እሱን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ጉልበቴ ሲመታ እንደምመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። ያበቃልኝ ከዚያ በኋላ፣ እግሬ በጀሶ ታስሮ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ልምምድ በማይበት ቀን ነው። ኳስ እየተንከባለለች ወደ እኔ መጣች። ከእኔ በኋላ ቡድኑን የተቀላቀለ አንድ ተከላካይ ከሜዳ ውስጥ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ኳሷን ያቀብሉኝ?» አለኝ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ «አቀብል አንተ ደንቆሮ!» እያለ የሚጮህብኝ ልጅ ነበር።

ሜዳ ውስጥ አንቱታ የለም። ትናንት የመጣው ልጅ ሠላሳ የሞላውን አንበል «አንተ» ይለዋል፤ ለማሰብ ጊዜ የለማ። «እርስዎ» ማለት ከጀመሩ ከሜዳ ወጥተሃል ማለት ነው። በደህናው እግሬ ኳሷን መለስኩለት። አመሰገነኝ፤ እሱም በእርስዎ።

ድሮ አንድ ጋዜጣ ስለ እኔ ሲጽፍ «አንቱ የተባለ ተጫዋች» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ጋዜጣውን ገዝቼ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። በእውነት አንቱ ስባል ግን ምንም አልተሰማኝም። አዘንክ ወይ ብባል አላዘንኩም። ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ነበር፤ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም። ሌሎች ኳስ ያቆሙ ጓደኞቼ መጠጥ ቤት እየተሰበሰቡ ስላለፈው ጎል ሲያለቅሱ ሳይ እንዲያውም እናደድ ነበር። ምን ያስለቅሳል?

በዚያ ዘመን በኳስ መኖር ማለት በአንድ መሥሪያ ቤት መቀጠር ማለት ነው። ደመወዙን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ ሥራው ሜዳ ላይ ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት ስኳርና ዱቄት ለየክፍለ ሀገሩ የሚያከፋፍል ነበር። እግሬ እንደማይመለስ ሲያውቁ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረውን ሥራዬን እውነተኛ አደረጉትና ለጅጅጋ መጋዘን መደቡኝ። ቅሬታ ማቅረብ እችል ነበር። ሻንጣዬን አዘጋጀሁና ሄድኩ።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ግድግዳው ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ሰው ግን አያወራበትም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጅጅጋ ተስማማችኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ያነሳና ሁሉም ፊቱን ሸፍኖ ይሄዳል፤ ማንም ማንን አያይም። ከሌላ አገር የተመደብን የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን አንድ ምግብ ቤት እንመገባለን፤ ስለ ዝውውር እናወራለን። እኔ ዝውውር ጠይቄ አላውቅም።

ሜዳዋ ከከተማው ጫፍ ነበረች። የጎሉ ቋሚ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ሣር የሚባል ነገር የለም። ግመሎች ሲያቋርጡ ጨዋታው ይቆማል፣ የወታደር መኪና ሲያልፍም ይቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ጥሩ ኳስ ሳይ ልቤ አይነሳሳም ነበር። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ማን ምን እንደሚችል ግን አጥርቼ አይ ነበር። የሚወድ ሰው ጎሉን ያያል፤ እኔ እግሩ የት እንዳረፈ አይ ነበር።

ሥራው የመጣው ሳልፈልገው ነው። አንድ የሐረር ቡድን በረኛ አጥቶ፣ አሰልጣኙ የድሮ ባልደረባዬ ስለነበር፣ እዚያ ያለ ሰው ካለ ብሎ ላከብኝ። የቀበሌያችን በረኛ መምህር ነበር፤ ዝላዩ ጥሩ፣ አንደበቱ ግን የተቆለፈ። አብሬው ሄድኩ። ቢሮ ገብቼ እሱ ውጭ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ «ለዚህ ሰው እኔ አለሁለት» አልኩ። ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው። ዛሬ ይህ ሥራ ስም አለው፣ ቢሮም አለው ይባላል። ያኔ ስም አልነበረውም። ተጫዋቹን አያለሁ፣ የጎደለውን አስተምራለሁ፣ ቢሮ ገብቼ ስለ እሱ እናገራለሁ። የማስተምረውም እንዴት እንደሚወድቅ፣ ከጨዋታ በፊት ምን እንደማይበላ፣ አሰልጣኝ ሲሳደብ ወዴት ማየት እንዳለበት ነው። አብዛኞቹ ሄደው ቀርተዋል፤ መልካም ሆኖላቸዋል ሲሉኝ «ጥሩ» እላለሁ።

የግራ ክንፍ ተጫዋቹ የመጣው ግን ከሜዳ ሳይሆን ከመጋዘኔ በር ነው።

ከድሬዳዋ ስኳር የጫነ መኪና ከበሩ ቆሞ ነበር። እኔ ውስጥ ነኝ። በሩ ተደበደበና፣ «አንተ! በሩን ክፈት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘበኛው፣ ካፖርቱን በጋም የማያወልቅ ሽማግሌ፣ ደሙ ፈላ። «ማንን ነው አንተ የምትለው? የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው እኮ!» አለው። ልጁ ዘበኛውንም፣ «አንተም ክፈት» አለው።

ከፍቼ ወጣሁ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የጭነት መኪናው ረዳት። ሾፌሩ አጎቱ ነው። ጆንያ ሲያራግፍ አንድ ባዶ ጣሳ እግሩ ሥር ገባ፤ ሳያየው በግራ እግሩ ጫፍ አንስቶ ከአጥሩ ማዶ ላከው። ጆንያው ከትከሻው አልተነቃነቀም። «ኳስ ትጫወታለህ?» አልኩት። «እጫወታለሁ። አንተስ?» አለኝ።

ከጉልበቴ ወዲህ እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚያውቁኝ «ይጫወቱ ነበር አይደል?» ይሉኛል። ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው እዚያ ከተማ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር ብዙ ስላልነበር ነው።

አማርኛውን የተማረው ከኬላ ነው። ከድሬዳዋ ጅጅጋ ባለው መንገድ ላይ ወታደሩ ሁሉ «ቁም! ውረድ! ክፈት! ጫን!» ሲለው አድጓል። በሕይወቱ እርስዎ ብሎ ያናገረው ሰው የለም፤ ታዲያ ከየት ያምጣው? በቤቱም ቋንቋ ለአባትም ለታናሽ ወንድምም «አንተ» አንድ ነው። የከተማው ነጋዴዎች፣ የተማሩት ሶማሌዎች፣ አንቱታውን ከእኛ አሳምረው ይናገራሉ። እሱ ግን የቀበሌውን ሊቀመንበርም፣ ሼኩንም፣ መምህሩንም በአማርኛ ሲያናግር አንተ ነው የሚላቸው። ጅጅጋ ለምዳዋለች፤ ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

አንድ ቀን አጎቱ መጋዘን መጣና ከጆንያው ላይ ተቀመጠ። ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ሰው እንዲያቀርቡ ኮታ ተሰጥቷቸው ነበር። የልጁ እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀደም ብለው ሞተውባታል፤ የቀረው ይሄ ነው። «አንተ ትልቅ ሰው ታውቃለህ» አለኝ። «ፋብሪካ አስገባው። ፋብሪካ የገባ አይወሰድም።» እንደዚያ ይባል ነበር፤ ፋብሪካ ለተጫዋቹ ስለሚከራከር ቀበሌው ያልፈዋል። «አለሁለት» አልኩት። ቃሉን ብዙ ጊዜ ስላልኩት ቀሎኝ ነበር።

ድሬዳዋ ያለ አንድ ፋብሪካ የግራ ክንፍ ይፈልግ ነበር። ልጁን ይዤ ሄድኩ። ሜዳ ላይ ያደረገውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሙከራው ሲያልቅ የፋብሪካው የቀኝ ተመላላሽ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ቢሮ ገባን። የቡድኑ መሪ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። እኛን ለመቀበል ከወንበራቸው ተነሱ። ልጁ ገና ከበሩ፣ እጁን ወደ ታች እያመለከተ፣ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! አንተ ሽማግሌ ነህ» አላቸው።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የእሱ አፍ ግን አልከዳውም፤ ያሰበውን ነው የተናገረው።

ሰውየው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጁን ወደ ውጭ አስወጡትና ወደ እኔ ዞሩ። «በቋንቋቸው ይሄ የለም» ብዬ ጀመርኩ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሶማሌ አለ! ሁሉም እርስዎ ይለኛል» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እግሩን አይቻለሁ፤ ጥሩ ነው። አፉን ግን መልሰው ይውሰዱትና አስተካክለው ያምጡልኝ። ሥራ አስኪያጁ ፊት እንዲህ ቢናገር እኔም አላድነውም። ቦታውን አቆይልዎታለሁ።» ይህ ትክክለኛ ንግግር ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

አውቶቡስ ላይ ልጁ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። «እንዲቀመጥ ነው ያልኩት» አለኝ። «ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ነበር። አላየህም? አንተም እንደዚያ ነው የምትነሳው።»

እኔ አላየሁም ነበር። አውቶቡሱ ባቢሌ ቆመ። እዚያ ለውዝ ገዛና ከፈለልኝ።

ትምህርቱን መጋዘን ውስጥ ጀመርን። በቀኝ እግሩ መምታት ላስተምረው ያሰብኩት ልጅ፣ «ይቀመጡ፣ ይግቡ፣ እንደምን አደሩ» ሲል ይውላል። መጀመሪያ ላይ አመነታ። «ስንት ሰው ነው?» ይለኛል። «አንድ» እለዋለሁ። «ታዲያ ‹ይመጣሉ› ብዙ ሰው አይደለም እንዴ?» ይለኛል። «አንዱን ሰው ለምን አበዛዋለሁ?» ትልቅ ሰው ብቻውን አይቆጠርም አልኩት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አሰበበት፤ ተቀበለው። «ሥልጣን ያለው ብዙ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ፈጠነ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ። «እኔን አንተ በለኝ» አልኩት።

«ለምን? ትንሽ ነህ?»

«አዎ።»

ሳቀ። ምክንያቱን አልነገርኩትም። እሱ አንተ ሲለኝ እግሬ ገና የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ለአንድ የመኪና ረዳት እንዴት ይነግሩታል?

የመጀመሪያው ተጠቃሚ ዘበኛው ሆነ። ልጁ አንድ ጠዋት «እንደምን አደሩ አባቴ?» ሲለው ሽማግሌው ካፖርቱን ቆለፈና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ለሌላው ለመክፈት አይጣደፍም፤ ለእሱ ግን እየሮጠ ይከፍታል። ልጁ የዚህን ነገር ጉልበት አየ። ለሻይ ሻጩ፣ ለጫኚው፣ ለለማኙም ሁሉ እርስዎ ሆነ። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ደግሞ በግራ መስመር እየበረረ አማካዩን፣ «ያቀብሉኝ! እባክዎ ያቀብሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አማካዩ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ኳሷን ሌሎቹ ወስደው አገቡ። ልጆች «ክቡርነትዎ» የሚል ስም አወጡለት።

ጠርቼው፣ ሜዳ ላይ አንቱታው ይቀራል አልኩት። ተቆጣ። «ይሄ ሰውዬ ሜዳ ውስጥ አንድ፣ ቢሮ ውስጥ ብዙ ነው? ሁለት ሰው ነው?» አለኝ። አንድ ቀን አሳልፎ ግን ያንንም ለየው። ብልህ ነበር። በትምህርት ቤት ቢያልፍ ምን ይሆን እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ።

ከድሬዳዋ መልእክት መጣ፤ ሰኞ ይዘውት ይምጡ የሚል። የቢሮውን አገባብ ተለማመድን። እኔ ከጠረጴዛው ኋላ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከበሩ ይገባል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። በጨረሰ ቁጥር ፊቴን ያይና፣ «ልክ ነው?» ይለኛል። «ልክ ነው» እለዋለሁ። ለእሱ የሚቀረው ነገር አልነበረም፤ ይቀጠር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎቱ ብቻውን መጣ። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ረዳት የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ነው።

የሆነውን ከዚያው ቆሞ ነገረኝ። ከተማ መግቢያ ኬላ ላይ አፈሳ ነበር። አንድ መቶ አለቃ መኪኖቹን እያስቆመ ወጣቶቹን አስወርዶ ያሰልፋል። ትእዛዝ የሚሰማ ሰው ነው የሚፈልገው፤ አማርኛ የማይገባውን እየለየ «ሂድ፣ ጥፋ» ይለዋል። የሌሎቹን መኪኖች ረዳቶች ሁሉ አባረራቸው። የእኛ ልጅ ዘሎ ወረደ፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ጓድ መቶ አለቃ? ሥራ እንዴት ነው?» አለ።

«ጥሩ ተናገረ» አለኝ አጎቱ። «በጣም ጥሩ ተናገረ። ከዚያ ወሰዱት።»

የያዟቸውን ሰዎች ያስቀመጡት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። አጎቱን ከበሩ አላስገቡትም፤ እኔን አስገቡኝ። መቶ አለቃው የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወጣት ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፤ ሰው የሚያዋርድ ዓይነት አይደለም። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ልጁ እንደመጣሁ ነገርኩት።

«ምኑ ነዎት?» አለኝ።

አባቱ አይደለሁም፤ ዘመዱም አይደለሁም። አሠሪውም አይደለሁም። «ተጠሪው ነኝ» አልኩ። መቶ አለቃው ጥቂት አሰበና፣ «የምን ተጠሪ?» አለ። «የኳስ።» ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ እናቱና ስለ ሞቱት ወንድሞቹ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ተቀጥሯል ወይ አለኝ። ሰኞ ይቀጠራል አልኩት። «ሰኞ ገና ነው» አለ። ይህም ትክክል ነበር።

ያኔ የቀረችኝን አንድ ነገር ሞከርኩ። «አማርኛ አይችልም» አልኩ። «የሰሙት የሸመደደው ነው። ከሰላምታው ቢወጡ አይገባውም። አንተንና እርስዎን የማይለይ ሰው ነው፤ ለእርስዎ አይጠቅምዎትም።»

«እስቲ እናያለን» አለና አስጠራው።

ልጁ ገባ። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጠዋት ከድሬዳዋ ከተነሳ ምንም እንዳልበላ ያስታውቃል። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። የደከመ ተጫዋች ያስተማሩትን ሁሉ ይጥላል፤ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሰው ወደ ድሮ እግሩ ነው የሚመለሰው። አንዲት «አንተ» ትበቃኝ ነበር። እንደ ድሮው፣ «ውሃ ስጠኝ አንተ» ቢለው መቶ አለቃው «አስወጡልኝ ይሄን ባለጌ» ይልና በሩን ያሳየው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሲመታ ሰማሁት። ዓይን ለዓይን ልንተያይ ሞከርኩ፤ ራሴን በትንሹ ወዘወዝኩ። እሱ ግን ቢሮውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠውን ሰው አየ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሳና፣ «አማርኛ ማን አስተማረህ?» አለው።

«እሳቸው ናቸው፣ ጌታዬ» አለ ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ። «እሳቸው አስተማሩኝ። እርስዎም ደክሞዎታል፤ ይቀመጡ።»

«እሳቸው» የሚለውን አላስተማርኩትም ነበር። ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ ራሱ ሠርቶት መሆን አለበት።

መቶ አለቃው ፈገግ አለ። በትሕትና እጁን ዘረጋልኝና፣ ጥሩ ሰው አስተምረዋል አለኝ። ጨበጥኩት። ልጁ አሁንም እንደቆመ ነው፤ ወደ ፊቴ እያየ ይጠብቃል።

«ልክ ነው» አልኩት።